አንድ የኔታ፣ ሁሉም በየደረጃው

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲታዘዝ፣ አረርቲም እንደ ሌላው ከተማ ሁሉ ተማሪዎቿን ቤት ሰበሰበች። ፊደል ያልለየውንና ስምንተኛ ክፍል የደረሰችውን አንድ ላይ ማስተማር ለወላጅ ቀላል አይደለም። ለቄስ ትምህርት ቤት ግን ይህ የዘወትር ሥራ ነው።

እዚያ የኔታ አንድ ናቸው፤ ክፍልም ደወልም የለም። ትንሹ ሀሁ ይላል፣ ጎኑ ያለው መልእክተ ዮሐንስ ያነባል፣ ትልቁ 150ውን መዝሙረ ዳዊት ይወጣል። ሁሉም ጮክ ብሎ ነው የሚያጠናው። ለአላፊ አግዳሚው ጫጫታ ነው፤ የኔታ ግን የሳተውን ከመሐል ለይተው ያርማሉ። ቀደም ያለው ተማሪ ደግሞ ተከታዩን ያስጠናል። እንግሊዝ ይህን ዘዴ እንደ አዲስ ግኝት የተቀበለችው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ አንድሪው ቤል የተባለ ቄስ ማድራስ ላይ ሞክሮ ከጻፈ በኋላ ነበር።

ብልሃቱ ፊደል ላይ ይጀምራል። ልጅ ሀሁን እንደ ዘፈን ይሸመድደውና ስንደዶው ገና ሁለተኛው ፊደል ላይ ሳለ አፉ አምስተኛው ላይ ይደርሳል። የሚያጋልጠው አቡጊዳ ነው፤ አን ከግዕዙ፣ ቡን ከካዕቡ፣ ጊን ከሣልሱ፣ ዳን ከራብዑ እያነሣ ተራውን ስለሚያፈርስ፣ ገበታውን ያላየ ልጅ አንድ እርምጃ አይራመድም።

ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ብዙ ወላጆች «ክላሲካል» የሚሉት መንገድ አለ። መጀመሪያ በቃል ማጥናት፣ ቀጥሎ መመርመር፣ በመጨረሻ በራስ አንደበት መናገር ነው። ደራሲዋ ዶሮቲ ሴየርስ በ1947 እ.ኤ.አ. ኦክስፎርድ ላይ ባደረገችው ንግግር ሐሳቡን ቀሰቀሰችው። የእኛም መንገድ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ልጅ ዳዊት ሲደግም ወላጅ ደግሶ የኔታን ያመሰግናል፤ የገፋበት ቅኔ ቤት ይገባል። እዚያ ግስ ያጠናል፣ ባለሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ራሱ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፣ እያደር እስከ ባለስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። ለምሳሌ የመርሐቤቴው ደራሲ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ መነሻቸው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነበር።

ጉድለቱን መሸፈን ግን አይገባም። አርጩሜው ብዙ ልጅ አስመርሯል፤ ሴቶች ጥቂት ነበሩ። ሒሳብ የለም፤ ጽሕፈትም ራሱን የቻለ ሙያ ስለነበር፣ ዳዊት የደገመ ሁሉ ብዕር ይይዛል ማለት አይደለም። ሦስት ልጅ ቤት የያዘች እናት ከየኔታ ብትዋስ የምትዋሰው አሠራሩን ነው፤ አንድ ታሪክ ለሦስቱም አብራ ታነባለች፣ ትንሹ በቃሉ ይመልሳል፣ መካከለኛው ይጽፈዋል፣ ስምንተኛ ክፍሏ ደግሞ ታናሿን ፊደል ታስቆጥራለች።