አበባዮሽና በር ከፋቿ ልጅ



መስከረም 1 ቀን በቅዱስ ዮሐንስ በዓል ማለዳ፣ ልጃገረዶች አደይ አበባ ይዘው ከጎፋ እስከ ሀና ማርያም ባለው የንፋስ ስልክ ላፍቶ መንደር ሁሉ «አበባዮሽ» ይላሉ። በአንዳንዱ ቤት በሩን የምትከፍትላቸው እኩያቸው ናት፤ ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምታገለግል ልጅ።

በቀዬዋ ሳለች ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነበር፤ ውኃ መቅዳቱ፣ እንጨት መልቀሙ፣ ታናናሾቿን መጠበቁም ፋታ አልሰጣትም። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን ከክፍያ ነፃ አድርጓል። በ1987 ዓ.ም. የሕፃናቱን ሲሶ እንኳ የማይሞላው ምዝገባም ከዚያ ወዲህ እጅግ አድጓል። ይሁንና ክፍያው ስለቀረ ብቻ ጊዜ የሌላት ልጅ ከትምህርት ገበታ አትቀርብም።

ዛሬ ጊዜዋን የያዝነው እኛ አሳዳሪዎቿ ነን። የማታው ትምህርት ቀኑን ስትደክም ለዋለች ልጅ ይከብዳልና የቀኑን እንፍቀድላት። ለበዓሉ ከምናወጣው ላይ ደብተርና እርሳስ ገዝተን፣ እንደ ልጆቻችን እጇን ይዘን ወደ ሰፈራችን ትምህርት ቤት እንውሰዳት።

ለከርሞ «አበባዮሽ» ከሚሉት መካከል እርሷም ትኑር።

መልካም በዓል!