ስለ ኤፌሶን ሰባቱ ደቂቅና በቁርዓን ስለሚገኘው ስለ ዋሻው ሰዎች ታሪክ

በስንክሳር ነሐሴ 20 ቀን መታሰቢያቸው የሚነበብላቸው የኤፌሶን ሰባቱ ደቂቅ ታሪካቸው በእስላሞች መጽሐፍ በቁርዓንም ይገኛል። ይኸውም በ18ኛው ምዕራፍ ከ9ኛው እስከ 26ኛው ቁጥር ያለው ነው፤ ምዕራፉም ስለ እነርሱ አል ከህፍ ተባለ፤ ዋሻ ማለት ነው። ስለዚህ ታሪኩ ከማን ወደ ማን ሄደ ብሎ የሚጠይቅ አይታጣም።

የክርስቲያኑ ታሪክ እንዲህ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር ከ249 እስከ 251 ዓመት የነገሠው ዳክዮስ ንጉሠ ሮም ለጣዖት ሠዉ ባለ ጊዜ ወጣቶቹ እንቢ ብለው ከዋሻ ገቡ፤ በዚያም አንቀላፉ። ከ408 እስከ 450 ዓመት በነገሠው በዳግማዊ ቴዎዶስዮስ ዘመንም ነቁ። አንዱ እንጀራ ሊገዛ ወደ ከተማ ወርዶ የዳክዮስን ገንዘብ ቢያወጣ ነገሩ ተገለጠ። በዚያም ወራት የሙታንን ትንሣኤ የሚክዱ ተነሥተው ነበርና መንቃታቸው ለትንሣኤ ምስክር ሆነ።

ቁርዓንም ወጣቶቹ ጣዖት ከሚያመልኩት ወገኖቻቸው ተለይተው ከዋሻ እንደ ገቡ፥ በነቁም ጊዜ የቆዩት አንድ ቀን ወይም ከዚያ ያነሰ እንደ መሰላቸው፥ አንዱንም የብር ገንዘብ አስይዘው ምግብ ሊያመጣ እንደ ላኩት ይናገራል። የተገለጡበትም ምክንያት የትንሣኤ ሰዓት እውነት መሆኑ ይታወቅ ዘንድ ነው ይላል። ልዩነትም አለ። ቁርዓን የከተማውንና የንጉሡን ስም አይጠራም፤ በደጃፍ የተኛ ውሻ ያነሣል፤ የቆዩበትንም ዘመን 300 ዓመት ከዚያም 9 ይላል። ከዳክዮስ እስከ ቴዎዶስዮስ ያለው ግን ከ201 ዓመት አይበልጥም።

የቱ ቀድሞ ተጻፈ ቢሉ የክርስቲያኑ ነው። በ521 ዓመት ያረፈው፥ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም በስሙ የሚጠራ ቅዳሴ ያለው ያዕቆብ ዘሥሩግ ስለ እነርሱ በሱርስት ቋንቋ ድርሳን ደርሷል። ምዕራፉ ግን የእስላም ሊቃውንት እንደሚሉት በመካ የተነገረ ነውና ከ610 እስከ 622 ዓመት ባለው ዘመን ነው።

አንድም፥ ታሪኩ አስቀድሞ በሰው አፍ እንደ ነበረ ቁርዓን ራሱ ያስረዳል። ቁጥራቸውን አንዱ ሦስት፥ አንዱ አምስት፥ አንዱ ሰባት እያለ እንደሚከራከር ያነሣልና። ባልተሰማ ታሪክ የሚከራከር የለም። የመሐመድን ታሪክ የጻፈው ኢብን ኢስሐቅም የቁረይሽ ሰዎች ወደ አይሁድ ሊቃውንት ልከው፥ ስለ ወጣቶቹ ጠይቁት ተብለው እንደ ተመለሱ ይተርካል።

እንግዲህ ከያዕቆብ ድርሳን ተገለበጠ ማለት ይገባልን ቢሉ አይገባም። ታሪክ መስማት ሌላ ነው፥ መጽሐፍ መገልበጥ ሌላ ነው። ያዕቆብ እግዚአብሔር ጠባቂ አቆመላቸው ይላልና ውሻው ከዚህ የመጣ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ ይህ ግን ግምት ነው። እስላሞችም ቃሉ በመልአኩ በገብርኤል ወረደ ብለው ያምናሉ፤ የዘመን ቈጠራ ይህን አያጸናውም፥ አያፈርሰውምም።

ስለዚህ መምህር ከእስላም ጋራ ሲነጋገር ሰረቃችሁ ብሎ ቢጀምር የማያስረዳውን ተናገረ፤ በሚያስረዳውም ሳይታመን ይቀራል። ታሪኩ ቀድሞ በክርስቲያኖች ዘንድ ይነገር ነበር፥ በዓረብም ተሰምቶ ነበር ቢል ግን እውነት ተናገረ፤ ሰሚውም ከመጽሐፉ መርምሮ ያገኘዋል።