ቃሉን ከነታሪኩ፦ የኮሪያን ታሪክ ለልጆች ስለ ማስተማር

ልጆች የሌላ አገር ታሪክ በሚያጠኑበት ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስቸግራቸው ስም ነው። የነገሥታቱ፥ የመንግሥታቱና የጦርነቶቹ ስም ለጆሮ እንግዳ፥ ለአንደበትም ከባድ ስለ ሆነ፥ ልጁ ትርጕሙን ሳይጠይቅ በቃሉ ይይዘዋል። በፈተና ቀን አስተካክሎ ይመልሳል፤ ወር ሳይሞላ ግን ስሙም ነገሩም ይጠፋበታል። ይህን አይተን ልጁን ሰነፍ ነው ብለን ልንወቅሰው አይገባም። ትርጕሙ ያልተገለጠ ቃል ለዐዋቂም ቢሆን አይያዝምና። ያው ቃል በአንድ ሰው ሕይወት ወይም በአንድ ቀን ድርጊት ተገልጦ ሲነገረው ግን፥ ልጁ አስታውስ ሳይባል ያስታውሰዋል።

ለዚህ ነገር የኮሪያን ታሪክ ምሳሌ አድርገን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከኢትዮጵያ ቤቶች መካከል አባት ወይም አያት ወደ ኮሪያ ዘምቶ የተመለሰባቸው፥ በዚያውም የወደቀባቸው አሉ። ልጆችም «ኮሪያ ወዴት ናት? ስለ ምን ሄዱ?» እያሉ ይጠይቃሉ። መልሳችን ስለ ጦርነቱ ብቻ የሆነ እንደ ሆነ፥ ከረጅሙ የሕዝቡ ታሪክ የሦስቱን ዓመት ብቻ ሰጠናቸው ማለት ነው። ስለዚህ ጥቂት ዋና ዋና ቃላትን እያነሣን እያንዳንዱን ከነታሪኩ እናቀርባለን። ወላጆች በየቃሉ ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ ይኸውም፦ ቃሉ ምን ማለት ነው? ታሪኩስ ምንድር ነው? ይህንስ የነገረን ማን ነው? ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት፥ የእኛ ነው ተብሎ ካልተገለጠ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ቃል ዳንጉን ነው። ኮሪያውያን የመጀመሪያው ንጉሣችን የሚሉት ይህ ነው። እንደ አፈ ታሪኩ ከሰማይ የወረደው ህዋኑንግ ዘንድ ድብና ነብር ቀርበው ሰው መሆንን ለመኑ። እርሱም ነጭ ሽንኩርትና መራራ ቅጠል ሰጥቶ፥ መቶ ቀን የፀሐይ ብርሃን ሳያዩ በዋሻ እንዲቈዩ አዘዛቸው። ነብሩ መታገሥ አቅቶት ወጣ፤ ድቧ ግን ታገሠችና ሴት ሆነች፤ ዳንጉንንም ወለደች። ይህን ታሪክ በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ኢርዮን የተባለ መነኵሴ «ሳምጉክ ዩሳ» በተባለው መጽሐፍ ጽፎት እናገኛለን። የመንግሥቱ መጀመሪያ ከክርስቶስ ልደት በፊት 2333 ነው የሚባለውም በልማድ የተያዘ ቍጥር እንጂ በቍፋሮ የተገኘ ማስረጃ አይደለም። በዚህ ላይ ልጁ አንድ ትልቅ ነገር ይማራል። አፈ ታሪክ ሕዝብ ስለ ራሱ የሚያስበውን ይናገራል፤ የሆነውን ነገር ለማወቅ ግን ሌላ ምስክር ያስፈልጋል። የኮሪያ ሕዝብ ትዕግሥትን የመንግሥቱ እናት አድርጎ መተረኩ በራሱ ሊታወቅ የሚገባው ነው።

ሁለተኛው ቃል ሳምጉክ ነው፤ ሦስቱ መንግሥታት ማለት ነው። እነርሱም ጎጉርዮ፥ ቤክጄና ሺላ ናቸው። ለልጅ ሦስቱን ስም ከመዘርዘር ይልቅ የኦንዳልን ታሪክ መንገር ይሻላል። በ6ኛው መቶ ዓመት የጎጉርዮ ንጉሥ ልጅ በሕፃንነቷ አልቃሻ ነበረች። አባቷም ልቅሶዋ ሲሰለቸው፥ «ለቂሉ ለኦንዳል እድርሻለሁ» እያለ ይቀልድባት ነበር፤ ኦንዳል ዕውር እናቱን በልመና የሚጦር ድኻ ነበርና። ልጅቱ 16 ዓመት ሲሞላት ንጉሡ ለመኰንን ልጅ ሊድራት ቢፈልግ፥ ንጉሥ ቃሉን አያጥፍም ብላ እንቢ አለች። አባቷም ተቈጥቶ አባረራት፤ እርሷም የወርቅ አምባሯን ይዛ ወደ ኦንዳል ቤት ሄደች። አምባሯን ሽጣ ቤትና እርሻ አቆመች፤ ከገበያ ፈረስ ይልቅ ከንጉሥ ጋጣ የተጣለውን ከሲታ ፈረስ እንዲገዛ መከረችው፤ ተንከባክባም አደለበችው። ኦንዳል በዚያ ፈረስ ተቀምጦ በአደን ከሁሉ በለጠ፥ ኋላም የጦር አለቃ ሆነ፤ ከሺላ ጋር ሲዋጋም ወደቀ። ይህ ታሪክ ኪም ቡሺክ በ1145 ካጠናቀቀው «ሳምጉክ ሳጊ» ከተባለው መጽሐፍ የተገኘ ነው። ልጁ የጎጉርዮንና የሺላን ጠላትነት ከዚህ ካወቀ በኋላ፥ ሺላ በቻይና ታንግ መንግሥት ርዳታ ቤክጄን በ660፥ ጎጉርዮን በ668 እንዳሸነፈች፥ በ676ም የታንግን ጦር አስወጥታ አብዛኛውን የኮሪያን ምድር አንድ እንዳደረገች ቢነገረው ቍጥሩ አይከብደውም። ከሺላ በኋላ በ918 የተመሠረተው ጎርዮ ተነሣ፤ ኮሪያ የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። በ1392ም ጆሶን የተባለው መንግሥት ተተካ።

ሦስተኛው ቃል ሲልሎክ ነው። ሲልሎክ የጆሶን ነገሥታት ዜና መዋዕል ነው፤ ከ1392 እስከ 1863 ያለውን የ472 ዓመት ታሪክ ይዟል። ጸሐፊዎቹ በንጉሡ ፊት ተቀምጠው የሚነገረውንና የሚደረገውን ይጽፉ ነበር፤ የንጉሡም ዜና መዋዕል የሚዘጋጀው እርሱ ከሞተ በኋላ ነው። ሕጉ እንዳዘዘው ንጉሥ ስለ ራሱ የተጻፈውን ማየት አይችልም ነበር። በ1404 ንጉሥ ቴጆንግ አደን ወጥቶ ሳለ ከፈረስ ወደቀ። አልተጐዳም፤ ነገር ግን ወዲያው ዞር ዞር ብሎ አየና ጸሐፊው ይህን እንዳያውቅ አለ። ጸሐፊው የንጉሡን መውደቅ ጻፈ፤ እንዳያውቅ ማለቱንም ጨምሮ ጻፈ። ልጆች ይህን ሲሰሙ ይሥቃሉ፤ ከሣቃቸው በኋላ ግን ጽሑፍ ኀይለኛውን ሳይፈራ የሆነውን መናገር እንዳለበት ይገባቸዋል። በ1592 ጦርነት በተነሣ ጊዜ በአራት ቦታ ይጠበቁ ከነበሩት ቅጂዎች ሦስቱ ተቃጠሉ። በጆንጁ የነበረውን አን ኡይና ሶን ሆንግሮክ የተባሉ ሁለት ምሁራን ወደ ኔጃንግ ተራራ አሽሽተው አዳኑት። የጆሶን የመጀመሪያዎቹ ሁለት መቶ ዓመታት ዜና መዋዕል ለዛሬ የደረሰው በእነርሱ ድካም ነው።

አራተኛው ቃል ሁንሚንጆንግኡም ነው፤ ሕዝብን የሚያስተምር ትክክለኛ ድምፅ ማለት ነው። ኮሪያውያን ከጥንት ጀምሮ በቻይና ፊደል ይጽፉ ነበር፤ ያን ፊደል ለማወቅ ግን ረጅም ዘመን ስለሚፈጅ፥ አራሹና ሠራተኛው የሚናገረውን መጻፍ አይችልም ነበር። ንጉሥ ሴጆንግ ስለዚህ አዝኖ 28 ፊደላት በ1443 አዘጋጀ፥ በ1446ም አወጀ። ቼ ማንሪ የሚባል ሹምና ባልንጀሮቹ በ1444 ተቃወሙት፤ ከቻይና ጽሕፈት መለየት ነውር ይመስላቸው ነበርና። የአንዳንዱ ፊደል መልክ ድምፁ በሚወጣበት ጊዜ አፍና ምላስ የሚሆኑትን ያሳያል። ልጁን «ን» በል ብላችሁ ምላሱ ወዴት እንደሚነካ ጠይቁት፤ የሴጆንግም ፊደል የታጠፈ ምላስ ይመስላል። «ም» ሲል ደግሞ ከንፈሩ ይገጥማል፤ የዚያ ፊደል መልክም እንደ አፍ የተሠራ አራት ማዕዘን ነው። በእኛ ፊደል አንዱ ምልክት ድምፁንና አናባቢውን በአንድነት ሲይዝ፥ በኮሪያው ልዩ ልዩ ፊደላት በአንድ አራት ማዕዘን ውስጥ ይሰበሰባሉ። ፊደሉ ዛሬ ሃንጉል ይባላል፤ በሥራ ላይ ያሉትም 24 ናቸው።

አምስተኛው ቃል ኢምጂን ነው። ልጁ የሰው ወይም የከተማ ስም ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን በስድሳ ዓመት በሚዞረው የጥንት አቈጣጠር የአንድ ዓመት ስም ነው። በዚያ ዓመት በ1592 የጃፓኑ ሂዴዮሺ ጦር ኮሪያን ወረረ፤ ጦርነቱም እስከ 1598 ቈየ። የባሕር ጦር አዛዥ ዪ ሱን ሺን በሐሰት ተከስሶ ታሰረ፥ ማዕርጉም ተገፎ ተራ ወታደር ሆነ። እርሱ በሌለበት መርከቦቹ በጠፉ ጊዜ ተመልሶ ተሾመ፤ በ1597 በ13 መርከቦች ብቻ፥ የምዮንግኒያንግን ጠባብ ወሽመጥ ኀይለኛ ሞገድ ተጠቅሞ፥ ከመቶ የሚበልጡ የጠላት መርከቦችን መለሰ። በሚቀጥለው ዓመት በመጨረሻው ውጊያ ሞተ። በጦርነቱ ዘመን የጻፈው የዕለት ማስታወሻ ዛሬም ይነበባል።

ስድስተኛው ቃል ግዋንግቦክ ነው፤ ብርሃንን መመለስ ማለት ነው። ጃፓን በ1910 ኮሪያን ጠቅልላ ያዘች። መጋቢት 1 ቀን 1919 ሕዝቡ ነጻነቱን እያወጀ በሰላም አደባባይ ወጣ፤ ዩ ግዋን ሱን የተባለች ተማሪም በዚህ ምክንያት ታስራ በ1920 በ17 ዓመቷ በወኅኒ ሞተች። ኋላ የኮሪያ ቋንቋ ከትምህርት ቤት እንዲወጣ፥ ሕዝቡም ከ1940 ጀምሮ የጃፓን ስም እንዲይዝ ተደረገ። በዚህ ዘመን የቋንቋ ማኅበር አባላት የኮሪያን መዝገበ ቃላት ያዘጋጁ ነበር። በ1942 ታሰሩ፤ ሁለቱ በወኅኒ ሞቱ፤ የብዙ ዓመት ድካማቸው የነበረው ረቂቅም ተወሰደ። ነሐሴ 15 ቀን 1945 አገሪቱ ነጻ ወጣች፤ በመስከረምም ያ ረቂቅ በሴኡል ባቡር ጣቢያ ዕቃ ቤት ተገኘ። የመጀመሪያው ጥራዝ በ1947፥ ስድስተኛውና የመጨረሻው በ1957 ታተመ። ቃላትን ማጥናት ለሰለቸው ልጅ ይህን ንገሩት፤ ሰዎች ስለ ቃል እስከ ሞት እንደ ታሰሩ ይወቅ። ነገር ግን በዚህ ቦታ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ግፉን ሳንሸፍን እንናገር፤ በዛሬው የጃፓን ልጅ ላይ ግን ጥላቻ እንዳንዘራ እንጠንቀቅ። ግፍን ያዘዙትና ያደረጉት በስማቸውና በዘመናቸው ይጠሩ።

ሰባተኛው ቃል ዩጊኦ ነው። ትርጕሙ ስድስት፥ ሁለት፥ አምስት ነው፤ ይኸውም በ6ኛው ወር በ25ኛው ቀን ማለት ነው። በ1945 አገሪቱ በ38ኛው መስመር ተከፍላ ነበር፤ ሰኔ 25 ቀን 1950 የሰሜኑ ጦር ወደ ደቡብ ተሻገረ። የተባበሩት መንግሥታት ርዳታ በጠየቀ ጊዜ ኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቃን ላከች፤ የመጀመሪያውም ሻለቃ በ1951፥ በእኛ በ1943 ዓ.ም.፥ ኮሪያ ደረሰ። ቃኘው የራስ መኰንን የፈረስ ስም ነበረ። ከ120 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን በዚያ ወደቁ፤ ወታደሮቹም ወላጆቻቸውን በጦርነት ያጡ ልጆችን ያሳድጉ ነበር። በ1968 በቹንቾን ከተማ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ሐምሌ 27 ቀን 1953 ተኵስ ማቆም ተፈረመ፤ የሰላም ውል ግን እስከ ዛሬ አልተፈረመም። ስለዚህ ከዚህ ቃል ጋር ኢሳንጋጆክ የሚለውን አያይዙ፤ የተለያዩ ቤተ ሰቦች ማለት ነው። በ1983 በደቡብ ኮሪያ ቴሌቪዥን 138 ቀን በቈየ ዝግጅት ሰዎች የወንድሞቻቸውንና የልጆቻቸውን ስም በወረቀት ጽፈው ይዘው ቀረቡ፤ ከ10,000 በላይ ቤተ ሰቦችም ተገናኙ። ብዙዎች ግን ከመስመሩ ወዲያ የቀረ ዘመዳቸውን ሳያዩ አርጅተው ሞቱ። ጦርነት የድል ታሪክ ብቻ መስሎ ለሚታየው ልጅ ይህ ሊነገረው ይገባል።

እንግዲህ በቤት ሥራው እንዴት ይሁን? በአንድ ሳምንት ከአንድ ቃል አይለፍ። ልጁ ደብተሩን በሦስት ዐምድ ከፍሎ ቃሉን፥ ታሪኩን በአጭሩ፥ ምስክሩንም ይጻፍ። በሳምንቱ መጨረሻ ለታናሽ ወንድሙ ወይም ለእኅቱ በራሱ አንደበት ይተርክ፤ የሚሰናከልበት ቦታ ያልገባውን ያሳያል። ዓመታቱን ታሪኩን ካወቀ በኋላ በገመድ ላይ እንደሚንጠለጠል ወረቀት በተራ ያስቀምጣቸው።

ሦስተኛው ዐምድ ባዶ እንዳይቀር ደግሞ አደራ እንላለን። ዛሬ ከኮሪያ ዘማቾች በሕይወት ያሉት ጥቂቶች ናቸው። በቤታችሁ ወይም በጎረቤት እንዲህ ያለ አባት ካሉ፥ ልጁ ደብተሩን ይዞ በአክብሮት ቀርቦ ይጠይቃቸው፤ የተናገሩትን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይጻፍ፤ ቀኑንና የተናጋሪውን ስም ከግርጌው ያኑር። ካለፉም ፎቶግራፋቸውንና ወረቀታቸውን ከዘመድ ጠይቆ ያያይዝ። የቴጆንግ ጸሐፊ ያደረገው ይህንኑ ነበር።