ቢላዋ ስትገዙ እጀታውንም ተመልከቱ



በባኮና በአካባቢዋ ቢላዋ የሌለበት ቤት የለም። ሥጋ የሚቆረጠው በቢላዋ ነው። ሽንኩርት የሚከተፈው በቢላዋ ነው። ነገር ግን የቢላዋ ሥራ በጓዳ አያበቃም። ገበሬው ወደ ማሳ፣ እረኛው ወደ ጫካ ሲሄድ ቢላዋ ይዞ ይወጣል። ዛሬ የምንጽፈው ከቤት ውጭ ስለሚሠራበት ጠንካራ ቢላዋ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ቁም ነገር አንድ ነው። ቢላዋ በማብረቅረቁ አይመረጥም። የሚመረጠው በብረቱ ዓይነት፣ በአሠራሩና እጀታው ውስጥ በተደበቀው ክፍል ነው። ይህን ሳያይ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ያጣል። ከዚያም የከፋ አለ፤ ጣቱን ሊያጣ ይችላል።

ሥራው ምንድን ነው?

ባኮ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። አገሩ የበቆሎ አገር ነው። በባኮ ግብርና ምርምር ማእከል የወጡ የበቆሎ ዝርያዎች በብዙ የአገራችን ክፍል ተዘርተዋል። «ቢኤች 660» የሚባለውን በቆሎ ብዙ ገበሬ ያውቀዋል። በስሙ መጀመሪያ ላይ ያለው «ቢ» ባኮን የሚያመለክት ነው።

በቆሎ ደግሞ ጠላቱ ብዙ ነው። ቀን ጦጣና ዝንጀሮ ይመጣሉ። ሌሊት ከርከሮ ይመጣል። ስለዚህ ገበሬው በማሳው ዳር ማማ ሠርቶ ይጠብቃል። ማማ ለመሥራት እንጨት ይቆረጣል፤ ይላጣል፤ ጫፉ ይሾላል። ገመድና ሐረግ ይቆረጣል። በማማው የሚያድር ሰው እሳት ማንደድ አለበት። ለማቀጣጠያ ቀጭን እንጨት ይሰነጥቃል። ከብት የሚጠብቅም ሰው እንዲሁ ነው። ካስማ ይጠርባል፤ የተበጠሰ ጠፍር ይጠግናል።

ለዚህ ሁሉ ምሳር ተሸክሞ መዞር ይከብዳል። ሰንጢ ደግሞ አይበቃም። ሰንጢ ታጣፊ ስለሆነ መጋጠሚያው ላይ ደካማ ነው። በኃይል ሲጫኑት ድንገት ይታጠፍና የያዘውን ጣት ይቆርጣል። ስለዚህ ለከባድ ሥራ የማይታጠፍ ቢላዋ ይሻላል። ወፍራም ግንድ ለመቁረጥ ግን ቢላዋ አይሆንም። ያ የምሳርና የገጀራ ሥራ ነው።

ብረቱ ከምን ተሠራ?

ብረት ሁሉ አንድ አይደለም። ለቤት ግንባታ የሚሆነው ፌሮ ለስላሳ ነው። ከእርሱ የተሠራ ቢላዋ ቢስሉትም ወዲያው ይደነዝዛል። የመኪና ባሌስትራ ግን ሌላ ነው። በውስጡ ካርቦን የሚባል ነገር አለ። ካርቦን በከሰል ውስጥ የሚገኘው ነገር ነው። በ100 ኪሎ ባሌስትራ ውስጥ ያለው ካርቦን አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ነገር ግን ብረቱ ሲግልና ሲነከር እንዲጠነክር የሚያደርገው ይህ ጥቂት ነገር ነው።

ቀጥቃጩ ባሌስትራውን በከሰል እሳት ያግለዋል። ወናፉ ይነፋል። የጋለውን ብረት በጉጠት ይዞ በመዶሻ ይቀጠቅጠዋል። ቅርፁ ከወጣ በኋላ እንደገና እስኪቀላ ያግለዋል። ከዚያም ውኃ ወይም ዘይት ውስጥ ይነክረዋል። በዚህ ጊዜ ብረቱ በጣም ይጠነክራል። ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ታዲያ ምን ይደረግ? ዐዋቂው ቀጥቃጭ እንደገና በቀስታ ያሞቀዋል። የተወለወለው ብረት የደረቅ ገለባ ቀለም ሲይዝ ከእሳቱ ያወጣዋል። አሁን ቢላዋው ስለት ይይዛል፤ በቀላሉም አይሰበርም።

ይህ ትልቅ ዕውቀት ነው። ቀጥቃጩ የሙቀት መለኪያ መሣሪያ የለውም። የሚለካው በዓይኑ ነው። እኛ ከዩኒቨርሲቲ የመጣነው ስለ ብረት በመጽሐፍ አንብበናል። እርሱ ያነበብነውን በእጁ ይሠራዋል።

ቀጥቃጩን እናክብር

ይህን ሙያ የያዘውን ሰው በአማርኛ ቀጥቃጭ፣ በኦሮምኛ ቱምቱ እንለዋለን። ስሙ የሙያ ስም ነው። አንዳንድ ሰው ግን ስድብ አድርጎታል። ቡዳ ነው እያለ ይርቀዋል። ከእርሱ ጋር ማዕድ የማይቆርስ፣ ልጁን ለልጁ የማይድር አለ። ይህ መሠረት የሌለው ጎጂ ልማድ ነው። ብረት መቀጥቀጥ ማንንም ክፉ አያደርግም።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያዎችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ100 ዓመት በላይ አልፏል። ስድቡ ግን ከአንዳንድ ሰው አፍ ገና አልወጣም። እስቲ እናስብ። ማረሻው የማን ሥራ ነው? ማጭዱስ? ምሳሩስ? ሰውየውን ሰድቦ የሠራውን ማረሻ ተሸክሞ ወደ ቤት መሄድ ያሳፍራል።

ክብር ደግሞ በቃል ብቻ አይደለም። ከባሌስትራ በትክክል የተሠራ ቢላዋ ብዙ ከሰልና ብዙ ድካም ይጠይቃል። ስለዚህ ዋጋው ከፍ ቢል አይድነቃችሁ። መከራከር የገበያ ወግ ነው። የሰውን ድካም ማራከስ ግን ወግ አይደለም።

ገበያ ላይ ምን እንጠይቅ?

ሻጩን በአክብሮት ጠይቁ። እንዲህ ማለት ይቻላል፦

«ኦቦ፣ ይህን ቢላዋ ከምን ብረት ሠሩት?»

«ከባሌስትራ ነው፣ ልጄ።»

«ጭራውስ እጀታው ውስጥ የት ድረስ ገብቷል?»

«እስከ መጨረሻው ነው። ይኸው፣ ጫፉ ላይ ብቅ ብሎ ይታያል።»

ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይህን ጥያቄ አይጠላም። እንዲያውም ደስ ይለዋል። ከዚያ በኋላ እናንተም በዓይናችሁና በእጃችሁ መርምሩ።

1. ጭራውን ተመልከቱ። ጭራ የምንለው ወደ እጀታው የሚገባውን ብረት ነው። ጭራው አጭር ከሆነ እጀታው ይነቃነቃል። አንድ ቀን በሥራ ላይ ይወልቃል። ያን ጊዜ ስለቱ ወደ እጅ ይዞራል። ጥሩ ጭራ እስከ እጀታው መጨረሻ ይደርሳል። በሁለት ወይም በሦስት ምስማር ይጠብቃል።

2. ርዝመቱን ለኩ። ከእጀታው ውጭ ያለው ብረት ጋት ተኩል ያህል ቢሆን ይበቃል። ይህ 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በጣም ረጅም ቢላዋ ለጥቃቅን ሥራ አይመችም።

3. ጀርባውን ዳስሱ። ጀርባው ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ቢወፍር ጠንካራ ነው። ከዚህ የቀጠነው ይታጠፋል። በጣም የወፈረው ደግሞ እንጨት ውስጥ አይገባም።

4. ቀጥ ማለቱን እዩ። አንድ ዓይን ጨፍኑ። በስለቱ ላይ ከእጀታው ወደ ጫፉ ተመልከቱ። ጠማማ ከሆነ ወይም ስንጥቅ ካለው ተዉት።

5. ቀለሙን እዩ። ስለቱ ላይ ሰማያዊ ቀለም ካለ ብረቱ ሲሞረድ ከመጠን በላይ ግሏል ማለት ነው። እዚያ ቦታ ላይ ጥንካሬውን አጥቷል።

6. በሞረድ ፈትኑ። መጀመሪያ ሻጩን አስፈቅዱ። ሞረዱ ስለቱን በቀላሉ ከበላው ብረቱ ለስላሳ ነው። እየተንሸራተተ በጥቂቱ ብቻ ከነካው ጠንካራ ነው።

7. እጀታውን ጨብጡ። መዳፍ የሚሞላ ይሁን። የደረቀ ወይራ ጥሩ እጀታ ይሆናል። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በስለቱ በኩል እጀታው ወፈር ቢል እጅ ወደ ስለቱ አይንሸራተትም።

ስንሠራበት ምን እናድርግ?

ሁልጊዜ ስለቱ ከሰውነታችን ወደ ውጭ ይሂድ። እንጨት ጭን ላይ አስደግፎ መቁረጥ አደገኛ ነው። በጭን ውስጥ ትልቅ የደም ሥር አለ። እርሱ ከተቆረጠ ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊሞት ይችላል። እንጨቱን መሬት ላይ ወይም ጉቶ ላይ አስደግፉ። ክንድ በሚደርስበት ርቀት ውስጥ ሌላ ሰው አይኑር፤ በተለይ ልጅ አይኑር።

ቢላዋ ከእጅ ሲወድቅ ለመቅለብ አትሞክሩ። ይውደቅ! እግራችሁን ብቻ አሽሹ። ለሌላ ሰው ስትሰጡ እጀታውን ወደ ተቀባዩ አዙሩ። ስትሄዱ አፎት ውስጥ ክተቱት። አፎት ከወፍራም ቆዳ ይሠራል። አፎት የሌለው ቢላዋ የሚሮጠውን ሰው ይወጋል።

የደነዘዘ ቢላዋ ከሰላው ይልቅ ብዙ ጊዜ ያቆስላል። ለምን ቢባል፣ ሰው በኃይል ስለሚጫነው ያመልጠዋል። ስለዚህ በእርጥብ መሳያ ድንጋይ ሳሉት። ጀርባውን የትንሽ ጣት ውፍረት ያህል ከድንጋዩ ከፍ አድርጉ። አንዱን ጎን በሳላችሁበት መጠን ሌላውንም ጎን ሳሉ።

ቢላዋን እሳት ውስጥ አትክተቱ። ፍም መቆስቆሻ አታድርጉት። ቀጥቃጩ በብዙ ድካም የሰጠውን ጥንካሬ እሳት ይመልሰዋል። አዲስ እጀታ ለማስገባት ጭራውን ማጋል ካስፈለገ ብረቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉት። ከሥራ በኋላ እጠቡት፤ አድርቁት፤ ትንሽ ዘይት ወይም ቅባት ቀቡት። እርጥብ አፎት ውስጥ ከከተታችሁት ይዝጋል።

ቢላዋ ቢቆርጠንስ?

ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ ቁስሉን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ። እጅ ከሆነ ወደ ላይ ከፍ ይበል። ደሙ ሲቆም በንጹሕ ውኃና በሳሙና እጠቡት። አፈር፣ እበት ወይም ቡና ቁስሉ ላይ አትነስንሱ። ከዚያ ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ደሙ አልቆም ካለ ግን ቁስሉን እንደ ያዛችሁ ወዲያው ሂዱ።

«ትንሽ ቁስል ናት፣ ምን ታደርጋለች?» የሚል ሰው አለ። በአፈርና በእበት ውስጥ በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ይኖራል። በቁስል በኩል ገብቶ መንጋጋ ቆልፍ የሚባለውን በሽታ ያመጣል። ሐኪሞች ቴታነስ ይሉታል። መንጋጋ ይገጥማል፤ ሰውነት ይገተራል፤ ሰው ይሞታል። በሽታውን የሚያመጣው ዝገቱ ራሱ አይደለም። የሚያመጣው ቢላዋው ላይ ያለው ቆሻሻ ነው። ስለዚህ የሚያብረቀርቅ ቢላዋም ሊያመጣው ይችላል። መከላከያው ክትባት ነው።

ከሁሉ በላይ አንድ ነገር አደራ እንላለን። ማሳ የዋለ ቢላዋ የሰው ገላ አይንካ። የሕፃን እትብት በቤት ቢላዋ አይቆረጥ። በቆሸሸ ስለት እትብቱ የተቆረጠ ሕፃን በተወለደ በጥቂት ቀናት ውስጥ በመንጋጋ ቆልፍ ሊሞት ይችላል። በክትባትና በንጹሕ ወሊድ ምክንያት ብዙ ሕፃናት ድነዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍ በአገራችን ዋና የጤና ችግር ከመሆን መውጣቱ ተረጋግጧል። ተሕዋሱ ግን ከአፈሩ አልጠፋም። ስለዚህ ነፍሰ ጡር እናት ክትባቷን ትውሰድ፤ በጤና ጣቢያም ትውለድ።

ስማችሁን ጻፉበት

ደቦ በሚወጣበት ቀን ብዙ ቢላዋ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። ማታ «ይህ የእኔ ነው፣ ያ የአንተ ነው» የሚል ክርክር ይነሣል። አሁን ግን እናንተ ፊደል ቆጥራችኋል። ምስማር አግላችሁ በእጀታው ላይ የስማችሁን የመጀመሪያ ፊደል ጻፉ። ሌላ ሰው በዚያው ፊደል የሚጀምር ስም ካለው ሙሉ ስማችሁን ጻፉ። ክርክሩ ያበቃል።

ጥያቄዎች

በቡድን ሆናችሁ ተወያዩ። መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ።

1. ሰንጢ ለከባድ ሥራ የማይሆነው ለምንድን ነው?

2. ከፌሮና ከባሌስትራ ለቢላዋ የሚሻለው የትኛው ነው? ለምን?

3. የቢላዋ ጭራ አጭር ቢሆን ምን ጉዳት ያመጣል?

4. በቀበሌያችሁ ቀጥቃጭ አለ? ሰዉ እንዴት ይይዘዋል? እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ?

5. የሒሳብ ጥያቄ፦ አንድ ገበሬ በ100 ብር የገዛው ቢላዋ በየዓመቱ ይሰበርበታል እንበል። ጎረቤቱ ግን በ250 ብር የገዛው ቢላዋ 5 ዓመት አገለገለው። በ5 ዓመት ውስጥ እያንዳንዳቸው ስንት ብር አወጡ? ማን አተረፈ? በስንት ብር?