ልጆቹን ከጨዋታ አትከልክሏቸው

ዛሬ ከቤታቸው ስለተፈናቀሉ ልጆች ጨዋታ እንነጋገራለን።

ለይፋት ሰው መፈናቀል በወሬ የሰማው ነገር አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በአጣዬና በአካባቢዋ ግጭት ተነሥቶ ቤቶች ተቃጠሉ። በኅዳር 2014 ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደረሰና ብዙ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸ። በቆላ ሙቀት ያደገ ልጅ በደጋ ብርድ፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ተጨናንቆ አደረ። በዚያ ጊዜ ልጆች የጨርቅ ኳስ ሲያባርሩ አይተን «ሰው ሐዘን ላይ ሳለ ምን ጨዋታ አለ?» ብለን ተቆጥተናል። ተሳስተን ነበር።

ኢማም ቡኻሪ የዘገቡት አንድ ታሪክ ስሕተታችንን ያሳየናል። ኡሙ ኻሊድ (ረ.ዐ.) ወላጆቿ ወደ ሐበሻ ተሰደው ሳሉ እዚሁ አገር የተወለደች ናት። በልጅነቷ ቢጫ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወደ መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) መጣች። እርሳቸውም በሐበሻ ቋንቋ «ሰናህ» አሏት፤ መልካም ማለት ነው። ልጅቷም ቀርባ በጀርባቸው ባለው የነቢይነት ማኅተም መጫወት ጀመረች። አባቷ ቢቆጣት እንዲተዋት ነገሩት፤ ዱዓም አደረጉላት። ልብ በሉ፤ ከስደት የመጣችውን ልጅ በምታውቀው ቋንቋ አናገሯት፤ ጨዋታዋንም አልከለከሉም።

ልጅ የደረሰበትን እንደ ትልቅ ሰው ተናግሮ አይወጣለትም፤ በጨዋታው ያወጣዋል። ሲሮጥ ውሎ የደከመ ልጅ እንቅልፍ ይወስደዋል። ነገ የት እንደሚያድር የማያውቅ ልጅ በጨዋታ ውስጥ ግን ተራው እንደሚደርሰው ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም በአንቀጽ 31 ጨዋታን የልጅ መብት ብሎታል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ሰዓቱና ቦታው የታወቀ ይሁን። በቆላችን ከዐስር ሶላት በኋላ እስከ መግሪብ ይመቻል። ልጆቹ የሚያምኑት አንድ ታላቅ ሰው አይለያቸው።

ሁለተኛ፣ ሜዳው አስቀድሞ ይፈተሽ። ጦርነት ባለፈበት ምድር ያልፈነዳ ተተኳሽ ሊኖር ይችላል። ልጆች ያገኙትን ብረት ሳይነኩ ለታላቅ እንዲናገሩ እናስተምራቸው።

ሦስተኛ፣ የተሸነፈ የሚወጣበት ጨዋታ አይብዛ፤ ቤቱን ያጣ ልጅ ከጨዋታም አይባረር። ከኳስ ሌላ ገመድ ዝላይ፣ ሰኞ ማክሰኞና ቅልብልቦሽ ይኑር። ሴቶች ልጆቻችንም ውሃ ሲቀዱ ብቻ አይዋሉ።

አራተኛ፣ ቡድን በብሔርም በሃይማኖትም አይከፈል። በይፋት አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በአንድ ገበያ ይገናኛል። ታላላቆች የተጣላንበትን ልጆች እንዳይወርሱት አንድ ኳስ አብረው ይምቱ።

ጨዋታ ግን ምግብን፣ ትምህርትንና ሕክምናን አይተካም። ለሳምንታት ከልጆች ተነጥሎ የሚቀመጥ፣ ሌሊት እየባነነ የሚጮህ ልጅ ካለ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው።

ወላጆች ሆይ፣ ነገ ከዐስር በኋላ የልጆች ጫጫታ ስትሰሙ ቁጣችሁን ዋጥ አድርጉና ወጥታችሁ እዩአቸው። አላህ ልጆቻችንን በሰላም ያሳድግልን። አሚን።