ትንፋሽን የሚያዘው ማነው?

ከጎባ ተነስቶ ሳነቴ አምባ ላይ የደረሰ ሰው ከመኪና ወርዶ ጥቂት እንደተራመደ ያለከልካል። «እዚህ ኦክስጅን የለም» ይባላል። አለ፤ 4,000 ሜትር ላይም ከአየሩ 21 በመቶው ኦክስጅን ነው። የቀነሰው የአየሩ ግፊት ነው፤ በዚህም በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚገባው 60 በመቶ ገደማ ይሆናል።

ሥር የሰደደው ግን «የምንተነፍሰው ኦክስጅን ሲያንሰን ነው» የሚለው እምነት ነው። ሳነቴ ላይ እውነትነት አለው። ሮቤ ገበያ ለሚውል ጤነኛ ሰው ግን ዋናው አዛዥ የተቃጠለ አየር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሃልዴንና ፕሪስትሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን በ1905 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። ጋዙ ደም ውስጥ ሲበዛ አንጎል አካባቢ አሲድ ይጨምራል፤ የአንጎል ግንድም ይህን አውቆ ትንፋሽን ያፈጥናል።

ስትሮክ ይህን ግንድ ከመታው ትእዛዙ ሊደክም ይችላል። ለዚህ የሚደረገውን ምርመራ የሰማ ዘመድ «ለታመመ ሰው የተቃጠለ አየር?» ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ሪድ የተባለ ተመራማሪ በ1967 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቀው ዘዴ ታካሚው አፍንጫው በመቆንጠጫ ተይዞ፣ 7 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ቀሪው ኦክስጅን ካለበት ከረጢት ይተነፍሳል፤ ያወጣውን ያንኑ መልሶ ያስገባል። ጋዙ ሲጨምር ትንፋሹ ምን ያህል እንደሚያድግ ይለካል። ሁሉ ነገር በ4 ደቂቃ ገደማ ያበቃል፤ ታካሚው ከጨነቀው ምርመራው ወዲያው ይቆማል። ጋዙ የአንጎል የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ የራስ ቅል ውስጥ ግፊት ለጨመረበት ሰው ግን አይደረግም።

ውጤቱ ደካማ ከሆነ «አንጎሉ ነው» ብሎ መደምደም ደግሞ የባለሙያም ስህተት ሊሆን ይችላል። ማያስቴኒያ ግራቪስ በሚባለው የጡንቻ ድካም በሽታ አንጎል በደንብ እያዘዘ የሚደክመው ጡንቻው ነው። ስለዚህ የአየሩን መጠን ብቻ ሳይሆን፣ መተንፈሻው ለአፍታ ሲዘጋ በመጀመሪያው 0.1 ሴኮንድ አፍ ላይ የሚፈጠረውን ግፊትም መለካት ይረዳል።

ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ መሣሪያ ጥሩ ቁጥር ካሳየ ትንፋሹ ደህና ነው የሚሉም አሉ። ነገር ግን ኦክስጅን የተሰጠው ታካሚ መሣሪያው 97 በመቶ እያሳየ የተቃጠለው አየር ሊጠራቀምበት ይችላል፤ የጠዋት ራስ ምታትና ቀን ቀን የሚጥል እንቅልፍ ቀድመው ይናገራሉ። የደም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በባሕር ጠለል 40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው፤ ደጋ ላይ አተነፋፈስ ስለሚጨምር ዝቅ ይላል። ቆላ ለሚኖር የደሎ መና ሰው ደህና የሆነ ቁጥር ሳነቴ ሥር ከብት ለሚጠብቅ ሰው ከፍ ያለ ሊሆን ስለሚችል፣ ታካሚው የሚኖርበት ከፍታ ከውጤቱ ጋር አብሮ መጻፍ አለበት።