መርሳ ላይ አንድ ቀን ማደር

ቤተሰብ ይዘው ከአዲስ አበባ ላሊበላ በመኪና ለመሄድ ካሰቡ፣ መሪውን የሚይዘው ሰው "በአንድ ቀን ወልድያ እንገባለን" ማለቱ አይቀርም። የእኔም ባለቤት ብሏል። 520 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አስፋልት ነው፣ ካርታ ላይ ሲያዩት ምንም አይመስልም።

የ2015 ዓ.ም. የገና ሰሞን ነበር። እናቴንና ሁለቱን ልጆቻችንን ይዘን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወጣን። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ልጆቹን አንቀጠቀጣቸው። ጣርማበርን ጣሊያን በቆፈረው ዋሻ አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ጆሯችን ተደፈነ፤ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ደግሞ ሹራብ አውልቀን መስኮት ከፈትን። ዋሻው ያለበት ቦታ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ። ከኮምቦልቻ ደሴ እንደገና ዳገት፣ ከደሴ ሐይቅ እንደገና ቁልቁለት። በአንድ ቀን ደጋና ቆላ ሲፈራረቅበት የዋለ ሰውነት ይዝላል፤ ተቀምጠው ግን አያውቁትም። የሚታወቀው ሲነሱ ነው።

ሐይቅ ላይ ለሻይ ስንወርድ የእናቴ ጫማ አልገባ አለ። እግሯ አብጧል፤ ደም ግፊትም አለባት። ዓሣው እየተጠበሰ ሽታው ያውዳል፣ እሷ ግን በጾም አልነካም ብላ ሻይ ብቻ ጠጣች። "ምንም አይደል ልጄ፣ እንሂድ፣ መሽቷል" አለችኝ። እኔም አመንኳት።

ውጫሌን ስናልፍ ትልቋ ልጄ የ1881ዱን ውል በትምህርት ቤት ስለተማረች "አንቀጽ 17 እዚህ ነው የተጻፈው?" ብላ ጠየቀች። የአማርኛውና የጣሊያንኛው ቃል እንዴት እንደተለያየ አስረዳኋትና ወደ ባለቤቴ ዞሬ "አይደል?" አልኩት። አልመለሰልኝም። ዐይኑ ተከድኖ ነበር። የነቃው የቀኙ ጎማ ከአስፋልት ወርዶ ጠጠሩ ሲንኳኳ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአራት ሰከንድ 67 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከውጫሌ በታች ባለው ጠመዝማዛ 67 ሜትር ምን ማለት እንደሆነ፣ የሄደበት ያውቀዋል።

"መርሳ እናድራለን፤ ነገም እዚያው እንውላለን" አልኩ። ማንም አልተከራከረኝም።

መርሳ የሐብሩ ወረዳ ከተማ ናት፤ ወልድያ ለመድረስ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀርዎት ያገኟታል። ሞቃት ናት፣ ብርቱካንና ፓፓያ መንገድ ዳር ይሸጥባታል። ያረፍንበት ፔንሲዮን ሪዞርት አይደለም። (ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ሦስት የሣር ጎጆ ያለውን ሁሉ "ሪዞርት" ብለን የምንጽፈው እኛ ስለሆንን ቃሉን አላምነውም።) ግቢ፣ የማንጎ ጥላ፣ የፕላስቲክ ወንበርና ምድር ቤት ላይ ያሉ ክፍሎች ነበሩት። ሁለት ክፍል ለሁለት ሌሊት የከፈልነው ሐይቁ ዳር ለአንድ ሌሊት ከተጠየቅነው ያነሰ ነው። ጉድለትም አለው። ጠዋት ቧንቧው ደርቆ በጄሪካን ነው የታጠብነው፤ አጎበሩም ቀዳዳ ነበረው። ቆላ ነው፣ ወባ አለ፤ እርስዎ አጎበርዎን ይዘው ይሂዱ።

በማግስቱ መኪናው አልተንቀሳቀሰም። የዕረፍት ቀን ማለት ይኸው ነው እንጂ "እግረ መንገዳችንን እንትናን እንይ" ማለት አይደለም። ባለቤቴ እስከ እኩለ ቀን ተኛ። ከተነሣ በኋላ ግን አላስችል አለው፤ "ቀኑን በላነው እኮ፣ ዛሬ ላሊበላ በሆንን ነበር" እያለ ግቢውን ዞረው። እውነቱን ልንገርዎት፣ ላሊበላ ሦስት ሌሊት አስበን የነበረው ሁለት ሆነ። ለእኔም ቀላል አልነበረም። ጎማውን እንዲያስመረምር ጎሚስታ ጋ ላክሁት፤ ጠጠሩ ላይ የወጣው ጎማ ጎኑ ተሰንጥቆ ተገኘ። ጎማው፣ ፍሬኑ፣ ማርሹ፣ ጎሚስታው ራሱ ሁሉም የጣሊያን ቃል ነው። መንገዱን ሠርተው ሄዱ፣ የመኪናውን ቋንቋ ትተውልን።

እናቴን የቤቱ ባለቤት ወሰዷት። እግሯን ትራስ ላይ አሰቅለው "እትዬ፣ ዛሬ ከዚህች ንቅንቅ የለም" ብለው ከሰል አቀጣጠሉ። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው ሲጠጣ ከሁለት ሰዓት በላይ ሄደ። በጦርነቱ ጊዜ ፍራሽ እንኳ ሳይቀር እንደተወሰደባቸው፣ ቤቱን በሁለት አልጋ እንደገና እንደጀመሩ ለእናቴ አጫወቷት። ለእኔ ብጠይቃቸው የሚነግሩኝ አይመስለኝም። ስለ አጎበሩ ላማርር ያሰብኩትን ተውኩት።

ልጆቹ ምን አደረጉ? ምንም። ብርቱካን በሉ፣ ዶሮ አባረሩ፣ ተኙ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በእርሻ ምርምር ማዕከሏ በምትታወቀው ሲሪንቃ በኩል ወልድያ ገባን። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አላሙዲ ስታዲየም ልጆቹ ከመኪና ሳይወርዱ አዩት። ገበያ ወጥቼ አዲስ አጎበር ገዛሁ። ከወልድያ ወደ ግራ ታጥፈው በድልብ በኩል ሲወጡ ያለውን ዳገት፣ ደክሞት ያደረ ሹፌር ባይነዳው እመርጣለሁ።

እኛ በሄድንበት ጊዜ መንገዱ ሰላም ነበር። እርስዎ ከመነሣትዎ በፊት ሰሞነኛውን ሁኔታ ከዚያው አካባቢ ሰው ደውለው ይጠይቁ፤ ይህን ሳያረጋግጡ ክፍል አይያዙ። ክፍል ሲይዙም አዛውንት ካሉ ምድር ቤት፣ መኪናው ግቢ ውስጥ እንዲያድር፣ ውኃ መኖሩንም ቧንቧውን ከፍተው ይዩ።

ጋሸና ላይ ለሻይ ስንቆም እናቴ ጫማዋን አድርጋ ከሁላችን ቀድማ ወረደች። ባለቤቴ ቆቡን አስተካክሎ፣ ወደ እኔ ሳያይ፣ "ስንመለስም እዚያው ነው የምናድረው፣ አይደል?" አለ። አደርን። የዚያን ጊዜ ውኃም ነበር።